ከራት ጋር የቀረበ ሟርት

ብርጭቆ ሲነፋ እያዩ ራት መብላት የሚባል ነገር አለ። ደስ ይላል። ትቀመጣላችሁ፣ ሳህኑ ይመጣል፣ ከፊታችሁ ደግሞ አንድ ባለሙያ ከእሳት ጋር ይታገላል። እናንተ ማላብ አይጠበቅባችሁም። ላቡ ከቲኬቱ ጋር ተከፍሎበታል።

ችግሩ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠየቅኩም፣ ስለዚህ ጋሼ ይሁኑ። ባለሙያው ረጅሙን የብረት ቧንቧ ገና ወደ ምድጃው ሲሰድ፣ ጋሼ ሹካቸውን አስቀምጠው «ይሄ ነገር ይወድቃል» አሉ። የቀለጠውን ጠቅልሎ ሲያወጣ «አሁን ይፈሳል» አሉ። እፍ ሲልበት «አሁን ይፈነዳል»። ሲቀርጸው «አሁን ይሰበራል»። በየመሃሉ አንድ አንድ ጉርሻ ይወስዳሉ። ሟርት ለካ ያስርባል።

አልተሰበረም። ለምን እንዳልተሰበረ ላስረዳቸው ፈልጌ ነበር። ቀልጦ የሚወጣው ብርጭቆ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ለአፍታ ማዞር ቢቆም ወደ ታች ይዘምማል። ስለዚህ ሰውየው ያዞራል። ሲሄድ ያዞራል፣ ሲቀመጥ ያዞራል፣ ረዳቱን ሲያናግር ያዞራል። አንድ እጁ ቧንቧውን አግዳሚው ላይ ያንከባልላል። ሌላው እጁ ደግሞ የራሰ ጋዜጣ ይዞ ትኩሱን ብርጭቆ ይዳብሳል። አዎ፣ ጋዜጣ! ተደራርቦ የታጠፈ፣ ውሃ የጠገበ ጋዜጣ። ይጨሳል እንጂ እጁን አያስነካውም። ጋዜጣ አሁንም የሚፈለግበት ሙያ በማየቴ ከልቤ ደስ አለኝ።

አነፋፉም እንደጠበቅኩት ጉንጭ የሚያሳብጥ አልነበረም። ትንሽ እፍ ይልና የቧንቧውን አፍ በአውራ ጣቱ ይደፍነዋል። ውስጥ የታፈነው አየር በሙቀቱ ይለጠጣል። አረፋውም ራሱ ይከፈታል። ይህ ብልሃት የተገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ገደማ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ከዚያ በፊት ለአንዲት ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ብዙ መከራ ነበረ። የቀለጠው ብርጭቆ ከጭቃ በተሠራ ቅርጽ ላይ ይጠቀለላል፣ ሲቀዘቅዝ ጭቃው ከውስጥ ተፈርፍሮ ይወጣል። የጌቶች ዕቃ ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው ቧንቧ ይዞ እፍ ካለ በኋላ ግን በሮማውያን ዘመን ተራው ሰውም በብርጭቆ መጠጣት ጀመረ። ያ የመጀመሪያው ሰው እፍ ሲል አጠገቡ አንድ ጋሼ ቆመው እንደነበር አልጠራጠርም። ማስረጃ የለኝም። አያስፈልገኝምም።

የምወደው ተረት አለ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ሰርግ ላይም እተርተዋለሁ፣ ስብሰባ ላይም እተርተዋለሁ፤ አንዳንዴ ከጉዳዩ ጋር ባይገናኝም። ብርጭቆ ላይ ግን ልክክ አለልኝ። የተሠራው ዕቃ ዝም ብሎ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ውጪው ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ይዘገያል። ሁለቱ ይጓተታሉ። ከዚያ ጧ! ስለዚህ ሌላ ምድጃ ውስጥ ይገባል። የዚህ ምድጃ ሥራ ማቀዝቀዝ ነው። ሙቀቱ 500 ዲግሪ ገደማ ነው። በ500 ዲግሪ ማቀዝቀዝ! ከዚያ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለአነስተኛ ዕቃ ሌሊቱን ይፈጃል። ወፍራምና ትልቅ ከሆነ ቀናት ይወስዳል።

ይህን ባለሙያው በማይክ ዘርዝሮ አስረዳ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ከዚያ ከጀርባዬ ካለው ጠረጴዛ አንዲት ሴት «ዛሬውኑ ይዤው መሄድ እችላለሁ?» አለች። ነገ መምጣት እንዳለባት ተነገራት። «ፍሪጅ ውስጥ ብታስገቡትስ?» አለች። አቦ! ሰው ምን ነካው? ቀለም ሳይደርቅ ዕቃ የሚያስገባው እሱ ነው። ሐኪም «አሥር ቀን ውሰድ» ያለውን መድኃኒት ሲሻለው የሚተወው እሱ ነው። በኋላ ሁሉም ነገር ሲሰነጠቅ ደግሞ «ዕቃ ድሮ ቀረ» ይላል። ዕቃውስ አለ፤ ድሮ የቀረው ትዕግሥቱ ነው። ለነገሩ ተረቴን ነገርኳት። አልሰማችኝም፣ ስልኳን ወደ ምድጃው ዘርግታ እየቀረጸች ነበር።

ስለ ብርጭቆ ከተነሳ አይቀር የቆየ ቂም አለብኝ። ያኔም እንዲሁ ራት ላይ ነበርን። አንድ ድምፁ ጎርናና ሰው «ብርጭቆ ፈሳሽ ነው፤ ቀስ ብሎ ይፈሳል። የድሮ ሕንፃ መስኮት ሄዳችሁ እዩ፣ ከታች ወፍራም ነው» አለ። አይደለም አልኩ። «አንብብ!» አለኝ። ጠረጴዛው በሙሉ ከጎርናናው ድምፅ ጋር ወገነ። እኔ ቀጭን ድምፅ ነው ያለኝ።

አሁን ሰፊ ቦታ አግኝቻለሁና ልናገር። የድሮ መስኮት ከታች የሚወፍረው ስለፈሰሰ አይደለም። ከመጀመሪያውም እኩል ስላልነበረ ነው። ባለሙያው አረፋውን ነፍቶ፣ ከፍቶ፣ በኃይል አሽከርክሮ ሰፊ ክብ ያደርገዋል። ያ ክብ ነው ለመስኮት የሚቆረጠው። አንዱ ዳር ወፍሮ ሌላው ይሳሳል። ወፍራሙ ዳር ከላይ ሆኖ የተገጠመባቸው መስኮቶችም አሉ። ታዲያ እነዚያ ወደ ላይ ነው የፈሰሱት? ይህ መልስ የመጣልኝ ግን እቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላ ነው። መልስ ሁሌም የሚመጣው ጫማ ሲወልቅ ነው።

እንደዚያ ዓይነቱን ሰው የሚገልጽ ነገርም ከዚሁ ከብርጭቆ አገኘሁ። የቀለጠ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጠብ ሲል ራሱ ወፍራም፣ ጅራቱ ቀጭን የሆነ ጠብታ ይሆናል። የልዑል ሩፐርት ጠብታ ይሉታል። ልዑሉ ወደ እንግሊዝ አምጥቶት እ.ኤ.አ. በ1661 የሮያል ሶሳይቲ ሊቃውንት እየቀጠቀጡ መርምረውታል። ራሱን በመዶሻ ብትመቱት አይበገርም። ጅራቱን ቆረጥ ካደረጋችሁት ግን መላው ነገር በቅጽበት ዱቄት ይሆናል። የኔም ሰው እንዲሁ ነው። ራሱን በማስረጃ ብትቀጠቅጡት ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። «አንተ ግን ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» ካላችሁት ያው ዱቄት ነው።

ሰው አይፍራ እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1291 ቬኒስ የብርጭቆ ምድጃዎች ከከተማዋ ወጥተው ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲዛወሩ አዝዛለች። እሳት ፈርተው ነው። የሙያው ምስጢር እንዳይወጣም ፈርተዋል፤ ባለሙያዎቹ ወደ ሌላ አገር እንዳይሄዱ ከልክለዋል። ሁለተኛው ፍርሃት ክፉ ፍርሃት ነው። ቢሆንም ፈርተው አንድ ነገር አደረጉ። ምድጃ አዛወሩ። የኔ ጋሼ ምን አዛወሩ? ሹካቸውን ከግራ ወደ ቀኝ።

የሚያናድደኝ ይኼ ነው። «ይሰበራል» ማለት ወጪ የለውም። ካልተሰበረ ማንም አይጠይቅህም። ከተሰበረ ሊቅ ነህ። ሰው ሱቅ ሲከፍት «ይከስራል»፣ ሲያገባ «አይዘልቁም»፣ ትምህርት ሲጀምር «በዚህ ዕድሜ?» ይባላል። ሰውየው ተሳክቶለት ሲገኝ ደግሞ «እኔማ ድሮም አውቅ ነበር» የሚለው ያው አፍ ነው። የሟርት ግብር ቢኖር ኖሮ ስንቱ ዝም ባለ!

ወደ ጋሼ ልመለስ፣ ጣፋጩ ሊመጣ ነው። ዕቃው ቅርጽ ከያዘ በኋላ ከቧንቧው ተላቆ በሌላ ዘንግ መያዝ አለበት። አለዚያ አፍ አይወጣለትም። ረዳቱ ጫፉ ላይ ትንሽ ትኩስ ብርጭቆ ያለበት ዘንግ አምጥቶ ከሥሩ ለጠፈ። ባለሙያው አንገቱ ላይ ጠብታ ውሃ አሳረፈ። ቧንቧውን መታ አደረገ። ቀጭ! አለ።

«አላልኩም?!» ጋሼ ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱት። የብርጭቆዬ ውሃ ፈሰሰ።

«ጋሼ፣ ሆን ብሎ ነው» አልኳቸው።

«ሆን ብሎ የሚሰብር ደግሞ ምን ባለሙያ ነው?»

ዕቃው በዘንጉ ላይ ሆኖ እንደገና እሳት ገባ፣ አፉ ተከፈተ፣ ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ወደ ማቀዝቀዣው ምድጃ ሄደ። ቤቱ አጨበጨበ። ጋሼም አጨበጨቡ፤ ቅር እያላቸው።

ቀጥሎ ጥያቄ ካላችሁ ተባለ። የመጀመሪያው ጥያቄ «በቀን ስንት ይሰበርባችኋል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ተቃጥለህ ታውቃለህ?»። ሙያውን ለመማር ስንት ዓመት ፈጀብህ ያለ ሰው የለም። እኔ እጄን አወጣሁ። ያዘጋጀሁት ጥያቄ እሱ ነበር፤ ማይኩ እጄ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ከአፌ አመለጠ። «ለመሆኑ እቤትህ ውሃ የምትጠጣው በምንድን ነው?»

ሰውየው ላቡን ጠርጎ ሳቀ። «በፕላስቲክ» አለ። «ልጆች አሉኝ፣ ይሰብሩታል።»

ጋሼ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጣፋጬን መብላት ጀመርኩ።