«አማራጭ» አትበሉኝ

ሰሞኑን የጠላሁት ቃል ቢኖር «አማራጭ» ነው። ዛሬ እዚሁ ልተንፍሰው፤ አንብባችሁ ብታልፉትም አልቀየምም።

አሜሪካ ለማስተርስ አመልክቼ አድሚሽን መጣልኝ። «እንኳን ደስ አለህ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለእናቴ ደወልኩ። ከዚያ ወደ ታች ሳወርደው የዓመቱ ወጪ ተዘርዝሯል፤ ከሥሩ ደግሞ «የክፍያ አማራጮችን ለማየት እዚህ ይጫኑ»።

ተጫንኩ። የፌዴራል ብድር? ለዜጋ፣ ለግሪን ካርድ ባለቤትና ለጥቂት ሌሎች። ወርክ ስተዲ (እየተማርክ በመንግሥት ድጎማ የምትሠራው ሥራ)? እሱም እንደዚያው። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ? ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ። የግል ብድር? አብዛኛው አበዳሪ አብሮህ የሚፈርም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ አምጣ ይላል። (ያለ ዋስ የሚያበድሩም አሉ፤ ግን እነሱ በመረጧቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማር ብቻ ነው፤ የኔው ደግሞ ዝርዝራቸው ውስጥ የለም።) የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነውን ፉልብራይትንም ጠቅሰውልኛል፤ አመሰግናለሁ፤ የዘንድሮው ማመልከቻ የተዘጋው ይሄ አድሚሽን ከመምጣቱ ከብዙ ወራት በፊት ነው። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል?

በጣም ያንገበገበኝ ግን አይ-20 ነው። ቪዛ ለመጠየቅ ይህ ወረቀት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ወረቀቱን የሚሰጠው ደግሞ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ወጪ፣ ኪራይና ቀለብ ሳይቀር፣ መሸፈን እንደምትችል በባንክ ማስረጃ ስታሳይ ነው። እኔ የጻፍኩላቸው እኮ ገንዘብ የለኝም ብዬ ነው! መልሳቸው «እባክዎ ገንዘብ እንዳለዎት የሚያሳይ ማስረጃ ያያይዙ» የሚል ሆነ። ኢሜይሉን ዘግቼ ትንሽ ሳቅሁ፤ ከዚያ አልሳቅሁም።

«ዜጋ ብትሆን ኖሮ…» የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። የአክስቴ ልጅ ዜጋ ናት፤ እሷም ማስተርስ ልትጀምር ነው። ድሮ ለድህረ ምረቃ ተማሪም በትምህርቱ ጊዜ ወለዱን መንግሥት የሚከፍልለት ብድር ነበር፤ ከሐምሌ 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። ዛሬ ብሩ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ወለዱ ይቆጥራል። ከዚህ የመንግሥት ብድር የሚገኘውም በዓመት ቢበዛ 20,500 ዶላር ነው። የጎደለውን ይሞላ የነበረው ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድርም በ2025 በወጣው ሕግ ከጁላይ 1, 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘጋ። እንደ ሕክምናና ሕግ ላሉት ሙያዎች ጣሪያው 50,000 ነው፤ እሷ ግን እዚያ ውስጥ አትገባም። ማን በብድር ይማር፣ ማን አይማር የሚለውን ሌላ ሰው መርጦላት አልቋል፤ ለሷም የሚላክላት ገጽ ግን ርዕሱ ያው «አማራጮች» ነው።

እሺ፣ እውነተኛው ገንዘብ የት ነው? አሲስታንትሺፕ ላይ! በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ታስተምራለህ ወይም ምርምር ታግዛለህ፤ የትምህርት ክፍያው ይነሳልሃል፤ ወርሃዊ ስታይፔንድም ይከፈልሃል። ይሄን የነገረኝ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው አይደለም፤ እዚያው የሚማር አንድ ልጅ ነው። ገንዘቡ ያለው በየዲፓርትመንቱና በፕሮፌሰሮች የምርምር በጀት ውስጥ ነው፤ ቅድሚያውም ለፒኤችዲ ተማሪ ነው። ማስተርስ የሚገባ ሰው ከተረፈ ያገኛል። ይሄን ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት ባውቅ ኖሮ የፈተናውን፣ ውጤት የማስላኩንና የማመልከቻውን ክፍያ ሌላ ቦታ ላይ አውለው ነበር። ገንዘብ ለመለመን ስንት ገንዘብ ከፈልኩ!

ቢሮውን ብጠይቅ «ዲፓርትመንቱን ጠይቅ» አለኝ። ዲፓርትመንቱ «የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን» አለኝ። እሱ ደግሞ ምን ቢልከኝ ጥሩ ነው? ያንኑ የአማራጮች ገጽ ሊንክ!

ለአሥራ አራት ፕሮፌሰሮች ጻፍኩ። ሁለቱ መለሱ። አንዷ በጀቷ ማለቁን በትሕትና ነገረችኝ (እግዜር ይስጣት፣ ቢያንስ ሰው ቆጠረችኝ)። ሌላው «ከኤፕሪል 15 በኋላ ጠይቀኝ» አለ። ቀኑ ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በፈረሙት ስምምነት መሠረት፣ የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ እስከዚያ ቀን ድረስ መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። አንዱ «ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ» ብሎ ከተወው፣ ቦታው ለተጠባባቂ ይደርሳል።

ስለዚህ አሁን ስሙን እንኳ የማላውቀው ልጅ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ገንዘብ እንዲያቀርብለት ማታ ማታ እየጸለይኩ ነው። ዛሬ ጠዋት ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ገባ፤ እሱ ይሆን ብዬ እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈትኩት። ቦታዬን ለማስጠበቅ እስከ ኤፕሪል 10 ተቀማጭ እንድከፍል ነው። የማይመለስ።