የባቡር ትኬት ገዝቼ በአውቶብስ!

ዛሬስ አንገሸገሸኝ! አንድ ነጻ እሁድ አገኘሁ ብዬ ልጆቼን ይዤ ከለንደን ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ሄስቲንግስ በጠዋት ተነሳሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ውረዱ ተባልን። የሐዲድ ጥገና አለ፣ ቀሪው በአውቶብስ ነው። ታዲያ ትኬቱን ስትሸጡልኝ ለምን አልነገራችሁኝም? ሁለት ሰዓት የማይሞላው መንገድ አራት ሰዓት ፈጀ፤ ትንሿ ልጄ አውቶብሱ ውስጥ አስመለሳት። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከወረረ በኋላ ያሠራው ግንብ ፍርስራሹ ኮረብታው ላይ ይታያል፣ መውጫ ጊዜ ግን የለንም። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ያኖሩባቸው የነበሩትን ረጃጅም ጥቁር የእንጨት ቤቶች በሩጫ አለፍናቸው። ባሕሩን ያየነው ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ! ጥገናው ይሠራ፣ ግን ለምን ሁልጊዜ እሁድ? ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውል ሰው ልጆቹን መቼ ይውሰዳቸው?