ትከሻዋና ሸላሚዎቿ

ጎጃም ውስጥ እስክስታ የማይወድ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ተወዛዋዥ ምራት የሚሻ ቤተሰብ ማግኘት ግን ከዚያም ይብሳል። በጥምቀት ታቦት አጅባ፣ በሠርግ ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ ትከሻዋን ስታንቀጠቅጥ እልል የተባለላት ኮረዳ፣ ያንኑ ትከሻ ይዛ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ አንድ ምሽት ቤት መድረክ ላይ ወጥታ ለድካሟ ደመወዝ ከተቀበለች፣ በማግስቱ የሠፈሩ ወሬ እሷ ናት። ኃጢአቱ ከውዝዋዜው ሳይሆን ከደመወዙ ይመስላል።

ነገሩ የቆየ ነው። አዲስ አበባ ላይ አገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ እንኳ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር፣ የሴቷን ቦታ ቀሚስ የለበሰ ወንድ ይጫወተው ነበር። ጺሙን ተላጭቶ ሻሽ ያሰረው ጎልማሳ ማንንም አላስደነገጠም፤ አገር የደነገጠው እነ አስናቀች ወርቁ በገዛ ፊታቸው ብቅ ሲሉ ነው።

በየከተማችን ቀድማ የወጣችውም ዕጣዋ ይኸው ነበር። ማሲንቆው ሲሞቅ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አኑራ ትከሻዋን ስትለቀው፣ ጥግ ይዞ ፊቱን ያጠቆረው ደንበኛ ጫንቃው ሳያስፈቅደው ይነቃነቃል፤ ተነሥቶም ብሩን ላብ ባራሰው ግንባሯ ላይ ለጥፎ ይመለሳል። እሑድ ዕድር ላይ ስለ ዘመኑ ሴቶች መበላሸት አምርሮ የሚናገረውም እሱው ነው። በ2013 ዓ.ም. ባለ 200 ብር ኖት ከወጣ ወዲህማ ባለ አሥሩን የያዘ አቀርቅሮ ሲሸልም፣ ባለ ሁለት መቶው ካሜራ እስኪዞርለት ይጠብቃል።

አሁን አመለካከት ተለውጧል ይባላል፤ እውነትም ልጃቸው ቲክቶክ ላይ ስትወዛወዝ «ስንት ሰው አየሽ?» የሚሉ አባቶች አሉን። (ቀድማ የወጣችውን ግን ይቅርታ የጠየቃት አልሰማሁም።) የለውጡ ልክ የሚታወቀው ሽማግሌ ሊላክ ሲታሰብ ነው።

«ሥራዋ ምንድን ነው?» ይላሉ አባት።

«የባህል አምባሳደር ናት፣ አባባ።»

«አምባሳደር! በየትኛው አገር?»

«እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ማታ ማታ ትሠራለች።»

«እ፣ ያቺ ቀይ ጥልፍ የምትለብሰዋ…» ብለው ጀምረው ነበር፤ እናት ቀስ ብለው ወደ እሳቸው ዞር ሲሉ ግን ብርቱ ሳል ያዛቸው።