በገንፎ የተነቀለ ብሬስ

ጥርሱን ሽቦ ያሳሰረ ሰው ቆሎ አይቆረጥምም፣ አጥንት አይግጥም። የእህቴ ልጅ ብሬስ ግን የተነቀለው በገንፎ ነው።

አራስ ልንጠይቅ ሄደን ነው። ገንፎው ቀረበ፤ መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ኩሬ ሠርቷል። ልጅቷ ሁለተኛውን ማንኪያ እንደቀመሰች ፊቷ ተለዋወጠ። አንዷ ብራኬት፣ ሽቦውን ይዛ ጥርስ ላይ የምትለጠፈው ቁራጭ፣ ሽቦው ላይ እንደ ዶቃ ተንጠልጥላለች፤ የዳሯ ደግሞ ሾልካ ቅቤው ውስጥ ገብታለች። የአራሷ እናት በማንኪያ አወጧትና ወደ መስኮቱ ይዘው አገላበጧት።

«ጠጠር ነው እንዴ? ኧረ ዱቄቱን በገዛ እጄ ነው የነፋሁት!»

እንግዳው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የኔ ናት» ማለት የሚገባት ልጅ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

በነጋታው ሐኪሙ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ።

«በቅርቡ ጥርስሽን አንጥተሽዋል?»

«ኧረ ዶክተር፣ ተፈጥሮዬ ነው!»

«ያቺ ከዱባይ ያስመጣሻት ጄልስ?» አልኩ እኔ ወሬኛው። እግሬን ረገጠችኝ።

ለካ ለሐኪም ቢዋሽም ብራኬቱን የሚይዘው ማጣበቂያ አይዋሽም። ማንጫው፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚሉት፣ የጥርሱን ቀለም የሚያጠፋው በኦክስጅን ነው። ሥራውን ጨርሶ ውልቅ ቢል ደግ ነበር፤ ግን ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ እንደከረመ ዘመድ የጥርሱ ልባስ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል። ማጣበቂያው ሐኪሙ በሚያበራው ሰማያዊ መብራት ሲመታ ድንጋይ መሆን ሲገባው፣ ኦክስጅኑ በደንብ እንዳይጠነክር ያደርገዋል። ስለዚህ ከነጣ በኋላ 2 ሳምንት ያህል ይጠበቃል። የእኛዋ ሐሙስ አንጥታ ቅዳሜ አሳሰረች።

«ሽቦው እንዳለ ባነጣውስ?» አለች ደግሞ፣ ሳታፍር።

«ሲፈታ ከየብራኬቱ ሥር ያልነጣ ቦታ ይቀራል። ጥርስሽ ሁሉ ማኅተም የተመታበት ይመስላል።»

ማታ ለአያቷ ስነግራቸው እስኪያነቡ ሳቁ። እሳቸው በኮረዳነታቸው ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ድዳቸውን በእሾህና በጥላሸት የተነቀሱ ናቸው።

«ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም» አሉ። «ተፈጥሮዬ ነው እንዳልል፣ ስስቅ ጥቁረቱ ቀድሞ ይታያል።»

ሁለቱ ሳምንት አልፎ ብራኬቶቹ ተመልሰው ተለጠፉ። ልጅቷ ግን ለአራሷ እናት እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም። እሳቸውም መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ አዲስ ወንፊት መግዛታቸውን ይነግሩኛል።