ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ መጓዝ ክልክል አይደለም

ወንድሜ፣ «ከአሜሪካ ስትወጡ ከ10,000 ዶላር በላይ ከተገኘባችሁ ይወረሳል፤ ለቤተሰብ አከፋፍላችሁ ያዙ» ያልከው ልክ አይደለም፤ ሰው እንዳይጎዳበት ላርመው። የአሜሪካ ሕግ የምትይዘውን ገንዘብ መጠን አይገድብም። ከ10,000 ዶላር ካለፈ ግን ስትገባም ስትወጣም ፊንሰን 105 የሚባለውን ቅጽ ሞልተህ ማሳወቅ አለብህ። ቅጹ በነፃ ነው፤ ቀረጥም አይጠየቅበትም። ገንዘቡን የሚያስወርሰው ሳያሳውቁ መቅረቱ ነው።

ማከፋፈሉማ ጭራሽ የባሰ ነው! አባት 6,000፣ እናት 5,000 ይዘው አብረው ቢጓዙ የቤተሰቡ ድምር 11,000 ነውና ያስመዘግባሉ። ላለማሳወቅ ብሎ መከፋፈል ራሱ በሕግ ያስጠይቃል። እባካችሁ፣ እናቶቻችንን በነጠላ ጫፍ ቋጥሩ፣ በካልሲ ደብቁ አትበሏቸው። ሲጠየቁ ያላቸውን በሙሉ ይናገሩ። አዲስ አበባ ስትደርሱ ደግሞ የኢትዮጵያ ጉምሩክ የራሱ ደንብ ስላለው ለብቻው ጠይቁ።