ካርፔንተርን በ«ገና ይገባናል» አናድነው

እዚህ ጅማ ሆረር (አስፈሪ ፊልም) የሚወዱ ልጆች ቡና ይዘው ከተቀመጡ አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጆን ካርፔንተር ላይ መጣላታቸው አይቀርም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሰማሁት የሰሞኑ ክርክርም ያው ነው። አንዱ «ሰውየው ከ80ዎቹ በኋላ አልቆለታል» ይላል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ሌላው ደግሞ «ዘ ቲንግ የሚለው ፊልሙም በ1982 ሲወጣ ተሰድቦ ነበር፣ ዛሬ ግን ሁሉም ያጨበጭብለታል፤ የኋለኞቹም ቀናቸው ይመጣል» ባይ ነው።

ይሄ ሁለተኛው አይዋጥልኝም። ዘ ቲንግ የወጣው ኢ.ቲ. በወጣበት ወር ነው። ሰው ደግ የሆነ የሰማይ እንግዳ ወዶ ሳይጨርስ ሥጋ ቀዶ የሚወጣ ጉድ ሲመጣበት ቢሸሽ ምን ይገርማል? ፊልሙ ግን ያኔም ጥሩ ነበር። ጎስትስ ኦፍ ማርስ (2001) እንደዚያ አይደለም። 28 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ግማሹን ያህል ነው የመለሰው፣ እሱስ ይሁን። ችግሩ ሌላ ነው፦ ገና ሲጀምር ፖሊሷ ከባቡር ወርዳ ያየችውን ለአለቆቿ ትመሰክራለች። በቃ፣ መትረፏን አወቅን! ከዚያ በምስክርነቷ ውስጥ ሌላው የራሱን ይተርካል፣ በዚያ ላይ ጊታሩ ይጮኻል፤ ለመፍራት ፋታ የለም።

ሃሎዊንን (1978) አስታውሱ። ጭምብል ያጠለቀው ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ ከአጥሩ ጎን ቆሞ ይታያል፣ ከዚያ ገለል ይላል፣ ልጅቷ ሄዳ ስታይ ማንም የለም። ደም የለ፣ ጩኸት የለ። ያ ትዕግስት ነው በኋላ የጠፋው። ዘ ዋርድ (2010) ላይ ጭራሽ ስክሪፕቱም ሙዚቃውም የሌላ ሰው ነው፣ የሱ ለመሆኑ ምልክት ብትፈልጉ አታገኙም።

«አልቆለታል» የሚሉትም ቢሆኑ ቸኩለዋል። ኢን ዘ ማውዝ ኦፍ ማድነስ የ90ዎቹ ሥራ ነው፣ የጠፋ ደራሲ የሚፈልግ የኢንሹራንስ መርማሪ ቀስ በቀስ ማበዱን ሳይሆን ዓለም ማበዱን እንድናምን ያደርገናል። እኔ ከሃሎዊን ቀጥሎ ነው የማስቀምጠው፣ የፈለገ ይጣላኝ። በ2005 ለቴሌቪዥን የሠራው የአንድ ሰዓት ፊልምም ሲጋሬት በርንስ ሊናቅ አይገባም።

ለነገሩ ሰውየው በስተርጅና ትዕግስቱን ያገኘው ካሜራ ላይ ሳይሆን ኪቦርድ ላይ ነው። በ2015 ሎስት ቲምስ የሚል አልበም አወጣ፣ በ2018 ደግሞ ለአዲሱ ሃሎዊን ከልጁ ከኮዲና ከዳንኤል ዴቪስ ጋር ሙዚቃውን ሠራ። ዳይሬክተሩ ሌላ ሰው ነው፣ ከፊልሙ ጆሮ ላይ የሚቀረው ግን የካርፔንተር ነው። የኋለኛ ሥራውን መመዘን የፈለገ ከዚህ ይጀምር። ዘ ዋርድን ፍላሻችሁ ላይ ካላችሁ አጥፉትና ቦታውን ለሌላ ፊልም ስጡት።