እርማት፦ ቲማቲም ለመቅላት ቀጥታ ፀሐይ አያስፈልገውም

«ቲማቲሙ ቶሎ እንዲቀላ ቅጠሉን አራግፉለት፣ ፍሬው ፀሐይ ያግኝ» የሚል ምክር ሰው ሲቀባበለው እያየሁ ነው። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ግን ልክ አይደለም። ፍሬው ለመቅላት ቀጥታ ብርሃን አይፈልግም። የሚያቀላው የአየሩ ሙቀትና ፍሬው ራሱ የሚያመነጨው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ነው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመቸዋል፤ ከ30 በላይ ሲቆይ ግን ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን የሚባል ንጥረ ነገር በደንብ ስለማይመረት ፍሬው ቢጫማ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቀለሙ መለወጥ የጀመረ አንድ ፍሬ ቀጥፋችሁ ቤት ውስጥ ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቀልቶ ታገኙታላችሁ።

ዝም ያላልኩት ቅጠል ማራገፉ ስለሚጎዳ ነው። ስኳሩን የሚሠራው እኮ ቅጠሉ ነው! በዚያ ላይ ጥላ የለመደ ፍሬ ድንገት ፀሐይ ሲመታው ይቃጠላል፤ መጀመሪያ ነጣ ያለ ጠባሳ ያወጣል፣ ቆይቶ እዚያው ላይ ይበሰብሳል። ቃሪያም እንዲሁ። መሬት የሚነኩትንና የታመሙትን የታች ቅጠሎች ማንሳት ጥሩ ነው፣ እሱን ቀጥሉበት። ፍሬውን የሸፈኑትን ግን እባካችሁ ተዉለት።